የአባዬ ገላጋዮች

አባቴን ለመያዝ አንድ ሰው በቂ ሆኖ አያውቅም።

የወፍጮ ቤታችን ሚዛን ያዥ አያ ወርቁ ከኋላው ይመጣና እጆቹን በብብቱ ሥር አሾልኮ ደረቱ ላይ ይቆልፋቸዋል። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ተራ ከሚጠብቁት ገበሬዎች አንዱ ቀኝ ክንዱን፣ ሌላው ግራውን ይረከባል። እትዬ ፈንታነሽ ደግሞ ከጠላ ቤቷ ነጠላዋን እየጎተተች ትወጣና ማንንም ሳትነካ በጩኸቷ ብቻ መሐል ትገባለች። ይሄ ሁሉ ሰው ተረባርቦበትም አባዬ አይበርድም። ይንፈራገጣል። የሸሚዙ ቁልፍ ይበጠሳል፤ አንድ እግር ጫማው ወልቆ አህያ ሥር ይገባል። «ልቀቁኝ! ኧረ እናንተ ሰዎች ልቀቁኝ! ዛሬ ይሄን ሰውዬ...» ይላል።

ዛሬ ይሄን ሰውዬ ምን እንደሚያደርገው ጨርሶ ተናግሮ አያውቅም። እኔ ግን አውቅ ነበር። አንስቶ እስከ ጉና ተራራ ይወረውረዋል።

ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ጥላዬ በደብረ ታቦር፣ ምናልባትም ከእብናት እስከ ገሳይ ባለው አገር ሁሉ፣ የሚስተካከለው ጉልበተኛ እንደሌለ ጥርጥር አልነበረኝም። ማስረጃዬ ግልጽ ነው፤ ደካማ ሰው ማን ይይዘዋል? እርግጥ መልኩ ብዙም አያግዘኝም ነበር። አጭር ነው፤ ቀጭን ነው፤ ወፍጮ ላይ ሲፈጭ ስለሚውል ከቅንድቡ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ዱቄት ነው። ሲያስነጥስ ደመና ይወጣዋል። ግን እኔ ይሄንንም ፈትቼዋለሁ። ጉልበቱ ወደ ውስጥ ስለሆነ ነው ከውጭ የማይታየው።

«ይሄ ሰውዬ» የሚባሉት ጋሽ ይሻው ናቸው። እህል ነጋዴ ናቸው፤ መጋዘናቸው ከወፍጮ ቤታችን ፊት ለፊት ነው። ደረታቸው ሰፊ፣ ሆዳቸው የተከበረ፣ ባርኔጣቸው ከራሳቸው የማይወርድ ሰው። ከአባዬ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ይጣላሉ። የጠቡ ምክንያት በየሳምንቱ ይለዋወጣል። አንድ ቅዳሜ የወፍጮው ብናኝ ጤፋቸው ላይ አርፏል፤ በሌላው ቅዳሜ የአባዬ ደንበኞች አህዮቻቸውን መጋዘኑ በር ላይ አስረዋል፤ አንዳንዴም አንዱ ሌላውን ባለፈው ሳምንት በክፉ ዓይን አይቶታል። ጋሽ ይሻውም የራሳቸው ያዦች ነበሯቸው። ተሸካሚዎቻቸው ጆንያ ከትከሻቸው አውርደው ጌታቸውን ይሸከማሉ። «ልቀቁኝ!» ከወዲያ፣ «ልቀቁኝ!» ከወዲህ። ገበያው ያፏጫል። ከሩቅ ገጠር የመጡ ሰዎች ቅቤያቸውን ሳይሸጡ ወደኛ ይሮጣሉ።

ከዚያ ምን ይሆናል? ከዚያማ ሁሉም ጠላ ቤት ይገባል። አባዬና ጋሽ ይሻው ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጠጣሉ። ይሄ መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባኝ ነበር፤ በኋላ ግን ገባኝ። ጋሽ ይሻው ምርኮኛ ናቸው። አባዬ ደግሞ ምርኮኛውን ጠላ የሚያጠጣ ጨዋ ጀግና ነው።

አሁን ሠላሳን አልፌ፣ የሰው ሥራ እየነቀፍኩ እንጀራ በምበላበት ዕድሜ፣ ያ ትርኢት ምን እንደነበር አውቃለሁ ማለት እችላለሁ። ሁለት ሰዎች ሳምንቱን ሙሉ የተጠራቀመባቸውን ንዴት በሰው እቅፍ ውስጥ ሆነው ያራግፉ ነበር። ዛሬ በስልኬ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ «ልቀቁኝ» የሚሉ ሰዎች አያለሁ። የሚይዛቸው ስለሌለ ይመስለኛል የማያቆሙት።

እናቴ ዝናሽ ደግሞ ለስላሳ ሴት ነበረች። ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ጥፋት ካጠፋሁ ከማህበርተኞቿ ጋር ፈገግ ብላ እያወራች፣ እጇ ብቻ በነጠላዋ ሥር ተንፏቅቆ ይመጣና የጭኔን የውስጥ ሥጋ ይዞ እንደ ቁልፍ ያዞረዋል። ፈገግታዋ አይነቃነቅም። «ማህሌትዬ፣ ምነው ዓይንሽ እንባ አቀረረ?» ትለኛለች ማህበርተኛዋ። «ጭሱ ነው» ትላለች እናቴ። በእኛ ቤት ኃይለኛው አባዬ፣ ገሯ እማዬ ነበረች። ቁንጥጫን እንደ ምት አልቆጥረውም ነበር። እንደ ደብረ ታቦር ብርድ ነበር የምቆጥረው፤ ይመጣል፣ ይቆረጥማል፣ ይሄዳል።

በጠቅላላው ሰውነቴ የኔ ብቻ ነው የሚል ሐሳብ ጨርሶ መጥቶልኝ አያውቅም። መንገድ ላይ ያገኘችኝ አሮጊት ሁሉ ሁለቱንም ጉንጬን በእርጥብ ከንፈሯ ታጥባለች። ያገኘኝ ሽማግሌ ሁሉ «የማን ልጅ ነሽ?» ብሎ አገጬን ይይዛል፤ መልሴ ካልጣመው ጆሮዬን ይይዛል። ጋሽ ይሻው ደግሞ የራሳቸው ጨዋታ ነበራቸው። ልጅ ሲያገኙ ሁለት ጆሮውን ከመዳፋቸው መሐል አድርገው ጭንቅላቱን ይይዙና ወደ ላይ ያነሱታል።

«ጎንደር ታየሽ?»

«አልታየኝም!»

«አሁንስ?»

«ታየኝ! ታየኝ!»

ካልታየሽ አያወርዱሽም። ጎንደርን ከዓመታት በኋላ በአውቶቡስ ሄጄ አየኋት። ጆሮ ሳይሳብም ትታያለች።

ያ ቅዳሜ የጾም መያዣ ሰሞን ነበር። አገሩ ሁሉ እህሉን ተሸክሞ ወፍጮ ቤታችን ደጅ ፈሷል። የሞተሩ ጭስ ማውጫ ላይ የተደፋው ጣሳ ቱክ ቱክ ቱክ እያለ ገበያውን ያደነቁራል። ጋሽ ይሻው አዲስ ጤፍ ከእብናት አስጭነው መጋዘናቸው በር ላይ እንደ ግንብ አስከምረውት ነበር።

ግንብ ካለ ጦርነት ያስፈልጋል። የክፍሌን ልጆች ሰብስቤ ከምሩ ጫፍ ላይ ወጣሁ። ጨዋታው የታወቀ ነው፤ እኔ አባዬን እሆናለሁ፣ እነሱ ያዦች ይሆናሉ። የጎረቤታችን ልጅ ሣራ አያ ወርቁን ሆና ከኋላ አቀፈችኝ። «ልቀቁኝ!» አልኩ። ያዙኝ። «ዛሬ ይሄን ሰውዬ! ልቀቁኝ ብያለሁ!» ተንፈራገጥኩ። በጣም አሳምሬ ተንፈራገጥኩ። ሣራ የዋህ ልጅ ናት፤ የምሬን መሰላት።

ለቀቀችኝ።

በጆንያዎቹ ላይ እየተንከባለልኩ ስወርድ የታችኛውን ጆንያ ስፌት በእግሬ ይዤው ወረድኩ። ነጩ ጤፍ እንደ ውኃ ፈሰሰና አቧራው ላይ ተዘረጋ። ጤፍ አቧራ ውስጥ ከገባ ደግሞ አለቀ፤ ለዶሮ ነው። ቀና ስል የጋሽ ይሻው ሆድ ሰማዩን ጋርዶታል።

የጋሽ ይሻው ኩርኩም በከተማው የታወቀ ነው። የመሐል ጣታቸውን አጥፈው አንጓውን ያሾሉና ልክ አናት ላይ፣ ልጅ ክርስትና ሲነሳ ቅባት የሚቀባበት ቦታ ላይ ያሳርፉታል። ቋ! ድምፁን የሰማሁት ከሌላ ሰው ጭንቅላት የመጣ መስሎኝ ነበር።

«እሰይ! ደግ አደረጉ!» አለች እትዬ ፈንታነሽ ከበሯ ላይ።

እናቴ ሽንኩርት ገዝታ ስታልፍ ነበር። ጤፉን አየች፤ እኔን አየች፤ ጋሽ ይሻውን አየች። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ ይሻው። እንዲህ ቀጥተው ያሳድጉልኝ» አለችና እጇ በነጠላዋ ሥር መጣ። «አመስግኚ እንጂ» አለችኝ ፈገግ ብላ እያዞረችው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው። ስለ ኩርኩሙ።

«ይስጥልኝ የኔ ልጅ» አሉ ጋሽ ይሻው ከልባቸው። ቂም የማያውቁ ሰው ናቸው።

አናቴ ላይ ትንሽ እንቁላል መብቀል ጀምሮ ነበር። ግን እያለቀስኩም ደስ ብሎኛል። ደስታዬ እስከ ጉሮሮዬ ደርሷል። ምክንያቱም ጠላት በገዛ እጁ ገብቷል። ዛሬ ጉዳዩ የአህያ ማሰሪያ አይደለም፤ የጥላዬን ልጅ ነክተዋል። እየሮጥኩ ወፍጮ ቤት ገባሁ።

ውስጥ ሰው ከሰው አይሰማማም። አባዬ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሰጠኝ።

«ጋሽ ይሻው ኮረኮሙኝ!» ብዬ ጮህኩ።

እጁን አናቴ ላይ አስቀመጠ። ጣቶቹ እንቁላሏን አገኟትና ቆሙ።

«ምን አድርገሽ?»

«አንተን ሆኜ ስጫወት!»

«እኔን ሆነሽ? እኔን ሆነሽ ምን ስትይ?»

«ልቀቁኝ ስል! እና ለቀቁኝ!»

አባዬ ዱቄት በዱቄት በሆነ ፊቱ አየኝ። የሚስቅ መስሎኝ ነበር። አልሳቀም። ቀና አለና ሄዶ ሞተሩን አጠፋው።

ይሄን ያላየ ሰው አይገባውም። የጾም መያዣ ቅዳሜ፣ ያ ሁሉ እህል ተደርድሮ፣ ሞተር አይጠፋም። የጣሳው ቱክ ቱክታ ሲቆም ገበያው ሁሉ ጆሮው የተደፈነ ይመስል ቀና አለ። አንድ አህያ ደንግጦ ዝም አለ። አባዬ እጁን ሱሪው ላይ እንኳን ሳይጠርግ ወጣ።

እኔም ሠራዊቴን አስከትዬ ጎን ጎኑን ሮጥኩ። «እንዳትይዙት! ዛሬ ማንም እንዳይይዘው! ሣራ፣ ንገሪያቸው!»

መንገር አላስፈለገም። ማንም አልያዘውም። ተራ ጠባቂዎቹ ቆመው ነበር የሚያዩት፤ ምክንያቱም አባዬ ምንም አላለም። ወጉ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ከሩቁ ይሰደባል፤ ከዚያ ባርኔጣ ወይ ኮት ይወልቃል፤ ከዚያ «ልቀቁኝ» ይባላል፤ ከዚያ ነው የሚያዘው። ልቀቁኝ ያላለን ሰው እንዴት ብለህ ትይዘዋለህ?

ጋሽ ይሻው በበኩላቸው ለደንቡ ተዘጋጅተዋል። ኮታቸውን አውልቀው ለተሸካሚያቸው ሰጡ። የመጀመሪያውን ስድብ ጠበቁ። አባዬ ግን እየተራመደ መጣ፤ መጣ፤ ከዚያም አልፎ መጣ። በነዚያ ሁሉ ቅዳሜዎች አንዳቸው ካንዳቸው ክንድ የሚደርስበት ቦታ ላይ ቆመው አያውቁም ነበር። ጋሽ ይሻው ወደ ተሸካሚዎቻቸው አዩ። ተሸካሚዎቹ ወደ ገበሬዎቹ አዩ።

«ምነው ጥላዬ?» አሉ ጋሽ ይሻው ቀስ ብለው።

አባዬ አንድ እርምጃ ጨመረ።

«ወርቁ!» ብላ ጮኸች እትዬ ፈንታነሽ። እንዲህ ያለ ጩኸቷን ሰምቼ አላውቅም። «ወርቁ! የት ነህ! ዝም ብሎ ነው የወጣው! ዝም አለ እኮ ሰውዬው!»

የአባዬ ቀኝ እጅ ተነሳ። እኔ ዓይኔን ወደ ጉና አዞርኩ፤ ጋሽ ይሻው የሚያርፉበትን ቦታ አስቀድሜ ለማየት።

አያ ወርቁ ሚዛኑን ጥሎ እንዴት እንደደረሰ አላውቅም። ከኋላ አነቀው እንጂ አላቀፈውም። የክንዶቹ ጅማት ተገትሮ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። አባዬ ደግሞ እንደ ሌላው ቀን አልተንፈራገጠም። ቀጥ ብሎ፣ እንደ ምሰሶ፣ በእቅፉ ውስጥ ቆመ። ከዚያ ከንፈሩ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። አጠገቡ ስለነበርኩ ሰማሁት።

«ወርቁ፣ አጥብቀህ ያዘኝ።»

በጣም ተናደድኩ። ዘዴ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ጀግና ከመወርወሩ በፊት ጉልበቱን እንደዚህ ያጠራቅማል።

ያቺን ንግግር ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መመለስ ነበረብኝ። አንድ ክረምት አያ ወርቁን ከወፍጮ ቤቱ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አገኘሁትና «አባዬ እውነት ፈሪ ነበር አይደል? ለታይታ ነበር አይደል ያ ሁሉ?» አልኩት፤ የተማረ ሰው ድፍረት ይዞኝ። አያ ወርቁ ሲያናግሩት ፊቱን ወደ ጎን የሚያዞር ሰው ነው። ልጅ ሳለሁ ኩራት ይመስለኝ ነበር።

«በዚህኛው በኩል አውሪኝ» አለና ቀኝ ጆሮውን ሰጠኝ። «ግራው ካባትሽ ጋር ቀርቷል።»

ሁለቱም ጎረምሶች ሳሉ፣ ገሳይ አንድ ሰርግ ላይ፣ ስለ አንዲት ልጅ ተጣሉ። ልጅቷ ሁለቱንም አታውቃቸውም። አባዬ ምንም አልተናገረም፤ ዱላውን አነሳና አንዴ ሰነዘረ። አያ ወርቁ የወደቀው ዳሱ ሥር ነው፤ ሲነሳ ጆሮው አልተነሳም። አባዬ ከዚያ ቀን ወዲያ ዱላ ይዞ ሄዶ አያውቅም። ሲታረቁ ለአያ ወርቁ አንድ ነገር ብቻ ለመነው። «ሲነሳብኝ ያዘኝ።»

«ሲጮህ እኔ አልፈራም» አለኝ አያ ወርቁ እየሳቀ። «ሲጮህ ለገበያው ነው። ክንዴን እንኳ አላጠብቅም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ያዛጋኛል። የዚያን ቀን ነው በእውነት የያዝኩት። ሦስት ቀን ትከሻዬን በቅቤ ሳሽ ነበር።»

እንግዲህ አባቴ ጉልበተኛም አልነበረም፤ ፈሪም አልነበረም። የገዛ እጁን የሚያውቅ ሰው ነበር።

ወደ ገበያው ልመለስ። አባዬ በአያ ወርቁ እቅፍ ውስጥ እንደታሰረ «ይሻው፣ ልጄን አትንካብኝ» አለ።

ጋሽ ይሻው አፋቸው ተከፈተ። «መች ነካኋት?»

«አናቷ አብጧል።»

«እሱማ ቀጣሁልህ! መቅጣትና መንካት አንድ ነው? በስመ አብ! ምስጋና ሲገባኝ! ያንተ ልጅ የኔ ልጅ አይደለችም እንዴ?»

«ናት» አለ አንዱ ተራ ጠባቂ። «የኛን ልጅ እንዲህ የሚቀጣልን ብናገኝማ በግ አርደን እንጋብዘው ነበር።»

ያኔ ገበያው ፈነዳ። ሁሉም ሰው በልጅነቱ ያረፈበትን ምት እየቆጠረ ማውጣት ጀመረ። አንዱ ሱሪውን ጠቅልሎ ጉልበቱን አሳየ። ሌላው የኔታ በአለንጋ ገርፈው ዳዊት እንዳስደገሙት፣ ዳዊቱ እንደጠፋው፣ የአለንጋው ምልክት ግን እንዳለ በኩራት ተናገረ። «ሳይመታ ያደገ ልጅ ካያችሁ አሳዩኝ!» አሉ አንድ ሽማግሌ። ማንም ሊያሳያቸው አልቻለም፤ አልነበረማ።

«ቆይ ቆይ» አለች እትዬ ፈንታነሽ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ልጅ አይነካ ካልን ነገ ደግሞ አትሳሙ ልትሉን ነው። ጉርሻስ? ጉርሻም በፈቃድ ሊሆን ነው? ሰርጌ ዕለት አማቴ አገጬን ፈልቅቀው ነው ያጎረሱኝ! ቃሪያ ነበረበት! ታዲያ ሞትኩ?»

«እኔም ቆንጥጫታለሁ» አለ አንድ ለስላሳ ድምፅ። እናቴ ናት። ሽንኩርቷን እንዳቀፈች ወደ ፊት ወጣች። «አንድም ሁለትም ጊዜ አይደለም። በል እኔንም ግደለኝ።»

አባዬ ከአያ ወርቁ ክንድ በላይ አንገቱን አሾልኮ አያት።

«አንቺም ተይ ዝናሽ።»

ኡኡ! ሴቶቹ በአንድ ጊዜ አፋቸውን ያዙ። ባል ሚስቱን በአደባባይ እንዲህ ሲላት፣ ያውም በሌላ ሰው ታቅፎ እያለ፣ አልተለመደም። የእናቴ ፊት ፈገግታውን ፈልጎ አጣው።

«በምን ላሳድጋት ታዲያ?» አለችው። የምሯን ነበር የምትጠይቀው።

አባዬ በአያ ወርቁ ክንድ ላይ ተንጠለጠለ። እኔ አባቴን እንደዚያ መልስ አጥቶ አይቼው አላውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁ። ሰው እየወረወረ ዓለምን የሚያስተካክለው አባቴ በአንድ ጥያቄ ሲያዝ።

መምሬ ቀለመወርቅ የደረሱት ያኔ ነው። የቤተ ክርስቲያን ስንዴ ሊያስፈጩ መጥተው ሞተሩ ሲጠፋ ጥላቸውን እንደያዙ ብቻቸውን ወፍጮ ቤት ውስጥ ቀርተው ነበር። ሁሉም መስቀል ሊሳለም ተራኮተ። አባዬ እጁ ስለታሰረ መስቀሉን ወደ ግንባሩ ወስደው አስነኩት።

«ጤፉን ማን ደፋው?» አሉ።

«እሷ!» አለ ገበያው።

«ጭንቅላቷን ማን መታው?»

«እሳቸው!»

«ጤፉ የማነው?»

«የጋሽ ይሻው!»

«ጭንቅላቱስ የማነው?»

ይሄን ማንም አልጠበቀም። «ያባቷ» አለ አንዱ። «የወለደችውስ?» አለች እትዬ ፈንታነሽ። «የፈጣሪ ነው እንጂ» አሉ ሽማግሌው፤ መምሬን ለማስደሰት።

«ባለቤቷን ጠይቋት» አሉ መምሬ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ትምህርት ቤት እንደሚጠይቁን የማታለያ ጥያቄ ነው የመሰለኝ። እጄን ወደ አናቴ ሰድጄ እንቁላሏን ነካኋት። ስነካት የሚያመው እኔን ነው።

«የኔ... መሰለኝ» አልኩ።

ሳቅ ሆነ። መምሬ ግን አልሳቁም። «እንግዲህ ሁለታችሁም የሰው ንብረት አጥፍታችኋል። ይቅር ተባባሉ።»

መጀመሪያ እኔ ነበርኩ። ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲጠየቅ እግሩ ሥር መጎንበስ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ገና ወገቤን ሰበር ሳደርግ ጋሽ ይሻው ትከሻዬን ይዘው ቀና አደረጉኝ። «በቃ በቃ፣ ይቅር ለእግዜር።» አጎነባበሴ ስላላማረ የከለከሉኝ መሰለኝ።

ከዚያ የሳቸው ተራ ሆነ። ትልቅ ሰው ለልጅ ሲያጎነብስ በዚያ ገበያ ማንም አይቶ አያውቅም። ጋሽ ይሻው ግራና ቀኝ ተመለከቱ፤ መምሬን ተመለከቱ። አባዬ አሁንም የሚያያቸው እሳቸውን ነው። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጎንበስ አሉ።

አሁን አንድ ነገር ልናገር። የጎነበሰ ሰው እግር ላይ አይደርስም። ወጉ እንደዚያ ነው። ገና ሲጀምር ተበዳዩ ዘሎ ይይዘዋል፤ «ኧረ በሕግ! ኧረ በማርያም!» ብሎ ያነሳዋል። አጎንባሹ ይሄን አምኖ ነው የሚያጎነብሰው። ይሄን እኔ ማወቅ ነበረብኝ፤ ማንም ግን ነግሮኝ አያውቅም። የጎነበሰልኝም ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ቆሜ አየኋቸው። ጋሽ ይሻው ትንሽ ወረዱና ጠበቁ። ምንም የለም። ትንሽ ጨመሩ፤ ጠበቁ። ሆዳቸው ከጭናቸው ጋር ተጋጨ። ትንፋሻቸው ማፏጨት ጀመረ። አንድ ጉልበታቸው መሬት ነካ፤ ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ ሁለት እጃቸው የገዛ ጤፋቸው ውስጥ ሰጠመ። «አንሺያቸው እንጂ!» ትላለች እትዬ ፈንታነሽ በጥርሷ መሐል። እኔ የት ድረስ እንደሚሄዱ ለማየት ጓጉቻለሁ።

ጭንቅላታቸው ደረቴ ሥር መጥቶ ቆመ። ባርኔጣ ሳይኖረው አይቼው አላውቅም ነበር። መላጣ፣ ላብ ያቸፈቸፈው፣ ለጣት እንደተዘጋጀ የሚያበራ አናት። የቀኝ እጄ የመሐል ጣት በራሱ ጊዜ ታጠፈ። አንጓው ሾለ። ሁሉም አየው። እናቴ አየችው። ሣራ «ኧረ!» አለች። አባዬ ከታሰረበት ሆኖ ጣቴን አየ፤ ፊቱም ያኔ ሞተሩን ሲያጠፋ የነበረው ፊት ሆነ።

እጄን ሳነሳ ነው ያየሁት። ልክ አናታቸው ላይ አንድ ጸጉር የማይበቅልበት ጠባሳ ነበር። ጎድጓዳ፣ ጣት የሚያስገባ።

«ይሄን ማን መታዎት?» አልኩ።

«አባቴ» አሉ ጋሽ ይሻው ከመሬት።

«ምን አድርገው?»

ትንሽ አሰቡ። በእውነት ነበር የሚያስቡት፤ ጠባሳው ሲሸበሸብ ይታየኝ ነበር።

«እንጃ ልጄ» አሉ። «ረሳሁት።»

የታጠፈው ጣቴ ተፈታ። ምን እንደማደርግበት አላወቅሁም።

«ኧረ ወገቤ!» አሉ ከዚያ። «በማርያም አንሱኝ! አንሺኝ የኔ ልጅ!»

የማውቀው ሰው የማንሳት ዘዴ አንድ ብቻ ነበር። ሁለት ጆሯቸውን በመዳፎቼ መሐል አድርጌ፣ እግሬን አንፈራጥጬ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ወደ ላይ ሳብኩ።

«ጎንደር ታየዎት?»

«ታየኝ!» ብለው ጮኹ ጋሽ ይሻው። «ታየኝ! ባሕር ዳርም ታየኝ! ኧረ ልቀቂኝ!»

ገበያው ወደቀ። ሰው በሰው ላይ ተደገፈ። እትዬ ፈንታነሽ ምሰሶዋን አቅፋ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች፤ መምሬ ጥላቸውን ፊታቸው ላይ ዘረጉ። አያ ወርቁ በሳቅ ሲንፈቀፈቅ ክንዶቹ ተከፈቱ። አባዬ በድንገት ነፃ ሆነ። ማንም አልያዘውም። ሁለት እርምጃ ሄደና ጋሽ ይሻውን በብብታቸው ሥር ይዞ ብድግ አደረጋቸው፤ አቧራቸውን አራገፈላቸው፤ የአባዬ እጅ ዱቄት ስለሆነ እያራገፈ ይበልጥ ነጭ አደረጋቸው። እናቴ ሽንኩርቷን አስቀምጣ ጤፉን በመዳፏ ትሰበስብ ጀመር፤ ለዶሮ እንጂ ለሰው የማይሆነውን ጤፍ፤ ፊቷን ለማንም ላለማሳየት።

የቅዳሜው ጠብ አልቀረም። ገበያው አላስቀረውም እንጂ አባዬማ ትቶት ነበር። ከገጠር የመጡ ሰዎች ቆመው ሲጠብቁ ሆዱ ባባና ጀመረው። እናቴም ቁንጥጫን ባንድ ጊዜ አልተወችም። እጇ እንደልማዱ ይመጣል፤ መሐል መንገድ ላይ ያስታውሳል፤ ግራ ይገባውና ቀሚሴን አስተካክሎ ይመለሳል። በዚያ ዓመት ከእኔ የተስተካከለ ቀሚስ የለበሰ ልጅ በደብረ ታቦር አልነበረም። «በምን ላሳድጋት» ያለችው ጥያቄ መልስ አግኝቶ እንደሆነ አላውቅም። አድጌያለሁ።

የተለወጡት ጋሽ ይሻው ናቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ እጃቸውን ወደ ጆሮዬ ሰደዱና አየር ላይ ቆሙ። እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ያዙት።

«ልሳምሽ ወይስ ልለፍ?» አሉ።

ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ራሴን አዞረኝ። ምን ያህል ትልቅ ሥልጣን እንደሆነ ለማየት ሞከርኩት።

«ዛሬ ይለፉ» አልኩ።

አለፉ! ያ ትልቅ ሰው፣ ያ ሁሉ ሆድ፣ በሰላም አለፈ። ከዚያ ወዲያ በተገናኘን ቁጥር ይጠይቁኛል፤ እኔም «ዛሬ ይለፉ» እላለሁ። ሌሎቹ ልጆችም መጠየቅ ጀመሩ፤ ጋሽ ይሻው ከመጋዘናቸው እስከ ቤታቸው ፈቃድ ሲለምኑ ይመሻል። አንዳንዴ ሳሙኝ ልላቸው ሆዴ ይፈልግ ነበር። ግን ንግሥና እንዲህ በቀላሉ አይለቀቅም። ሁለተኛ ደረጃ ስገባም ጠየቁኝ። ዩኒቨርሲቲ ስሄድ አውቶቡስ ተራ ድረስ መጥተው በመስኮት ጠየቁኝ። «ዛሬ ይለፉ» አልኩ እየሳቅኩ። እሳቸውም ስቀው አለፉ።

የተመረቅኩ ጊዜ ቤታችን ድንኳን ተጥሎ ነበር። ዘመድ አዝማድ ጉንጬን ከግራ ከቀኝ ሲስመው ዋለ። የማላውቃቸው አክስቶች አጎረሱኝ፣ ያላጎረሱኝ አገጬን ያዙኝ። ባርኔጣዬን ሦስት ሰው ገፍቶ ጣለው። ጋሽ ይሻው ዘግይተው መጡ። አርጅተዋል፤ ሆዱ የት እንደሄደ እንጃ፤ ከዘራ ይዘዋል። ከድንኳኑ ደጃፍ ቆመው ግርግሩ እስኪቀል ጠበቁ። ከዚያ ትንሽ ቀረብ ብለው፣ ክንድ የማይደርስበት ቦታ ላይ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ።

«ልሳምሽ ወይስ ልለፍ?»

«ይሳሙኝ ጋሼ» አልኩ።

ለማለፍ አንድ እግራቸውን አንስተው ነበር። አየር ላይ ቀረ።

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

ከዘራቸውን አጠገባቸው ለቆመ ሰው ሰጡ። አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ቀረቡኝና ልክ እንደ አዲስ አገር ፊቴን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«የት ላይ?» አሉኝ።

ጠቆምኩላቸው።